ከሳንዲማውንት እስከ በላሂ፦ የሼመስ ሂኒን ዱካ ተከትዬ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ዱብሊን

ፋሲካን ካከበርን ገና ሁለት ቀናችን ነው፤ መጋረጃው ሳይቀር የዶሮ ወጥ ይሸታል። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለመንገድ ያስነሣኝ የአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ዱብሊን ለተወለዱ የሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንዷ ተማሪዬ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን አንድ ገጽ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይኼን በአማርኛ እንሥራው?» አለችኝ።

ገጹ ላይ የነበረው የአየርላንዱ ገጣሚ የሼመስ ሂኒ ግጥም ነው። አንድ ሰው ብዕር ይዞ ተቀምጧል፤ ከመስኮቱ ሥር አባቱ አፈር ይቆፍራሉ። የአካፋው ድምፅ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። አባቱ ድንች ሲያወጡ፣ አያቱ ደግሞ ረግረግ ውስጥ ለማገዶ የሚሆን አፈር ሲቆርጡ ይታየዋል። እሱ አካፋ የለውም፤ ያለው ብዕር ነው። ይህን ሲጽፍ፣ በ1964፣ የሃያ አምስት ዓመት መምህር ነበር። (የቀኑን ማስታወሻ በእኛ አቆጣጠር፣ የእሱን ዘመን ግን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ቀላል መስሎኝ «እሺ» አልኳት። ከዚያ ርዕሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ በእንግሊዝኛ «ዲጊንግ» ይላል። «ቁፋሮ» ብዬ ጻፍኩ፤ የቧንቧ መሥመር ሥራ መሰለኝ። «መቆፈር» አልኩ፤ ሥራው ቀርቶ ሰውየው ጠፋብኝ። አያትየው የሚቆርጡትን ነገር በአማርኛ ምን እንደምለው ደግሞ ጭራሽ አላወቅሁም። ስለዚህ አፈሩን ራሱን ሄጄ ልየው ብዬ ቆረጥኩ።

ጠዋት ኮሌጅ ግሪን ወረድኩ። እዚያ ያለው ዓምደ ብዙው የድንጋይ ሕንፃ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ፓርላማ ነበር፤ ኋላ ባንክ ሆነ። በጎኑ ባለው አዳራሽ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከ2018 ጀምሮ የሂኒን ወረቀቶች ለሕዝብ ያሳያል፤ መግቢያው ነጻ ነው። ገጣሚው የእጅ ጽሑፎቹን በ2011 መጨረሻ ለአገሩ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። እንዲህ ያለ ወረቀት ባሕር ማዶ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው።

ብዙ ጊዜ የቆምኩት ጠረጴዛው ጋ ነው። ጠረጴዛ ማለት ይከብዳል፤ ቀድሞ ካስተማረበት ከካሪስፎርት የመምህራን ኮሌጅ ከወጣ አግዳሚ ወንበር የተወሰዱ ሁለት ሳንቃዎች ናቸው። የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው በተማሪዎች አግዳሚ ላይ ክርኑን አስደግፎ ሲጽፍ ኖረ ማለት ነው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያሉትን ረቂቆች ደግሞ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድ ቃል ሰርዞ ሌላ ይጽፋል፤ እሱንም ይሰርዝና የመጀመሪያውን ይመልሳል። እኔ ሁለት ሳምንት በአንድ ርዕስ ስታገል ያፈርኩበት ነገር እዚህ በግልጽ ተሰቅሎ ሳየው ልቤ ቀለል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ታላቁ ቦይ ዳር የገጣሚው የፓትሪክ ካቫና የነሐስ ሐውልት ተቀምጦበታል የተባለውን አግዳሚ ፈልጌ አገኘሁ። እጁን አጣምሮ ውሃውን ያያል። ያለ ካቫና ሂኒን ማሰብ አይቻልም። ካቫና የሞናሃን ገበሬ ልጅ ነበር፤ የመንደርን የድንበር ጠብ፣ የድንች ማሳን፣ የእርሻ ብቸኝነትን ያለ ኀፍረት ግጥም ውስጥ ያስገባ ሰው። ወጣቱ ሂኒ እሱን ሲያነብ ነው የራሱ ጓሮ ለግጥም እንደሚበቃ የገባው። ከጎኑ ተቀምጬ ሳንድዊቼን በላሁ።

ማምሻውን ሳንዲማውንት ባሕር ዳር ተራመድኩ። ሂኒ ከ1976 እስከ ዕለተ ሞቱ የኖረው በዚሁ ሰፈር ነው። የቤተሰብ ቤት ስለሆነ በር ድረስ አልሄድኩም። ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው እስከ አድማስ ይዘረጋል፤ ሰዎች ውሻቸውን ይዘው በሩቁ እንደ ጉንዳን ይታያሉ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 11 ቀን። ዊክሎ

አጭር ቀን ነበር፤ ዝናቡም አላወጣኝም። በአውቶቡስ አሽፎርድ ድረስ ሄጄ የግላንሞርን መንገድ ይዤ ተመለስኩ። ሂኒ በነሐሴ 1972 ቤልፋስትን ከነሥራው ለቆ፣ ሚስቱንና ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቹን ይዞ የገባው እዚህ ካለች ትንሽ የገጠር ቤት ነው። ቤቷን ያከራየችው አን ሳድልማየር የምትባል የቴአትር ጸሐፊው የሲንግ ሥራዎች ተመራማሪ ናት፤ ኋላም ቤቷን ሸጠችለት።

ያ ዓመት በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ግጭት ለተያዘችው ለሰሜን አየርላንድ የደም ዓመት ነበር። በጥር ወር ደሪ ከተማ ውስጥ የብሪታንያ ወታደሮች በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች በዕለቱ ሞተዋል። በዚህ መካከል ገጣሚው ወደ ደቡብ ሲሻገር ሸሸ ያሉት ነበሩ። አንድ የአክራሪ ፕሮቴስታንቶች ጋዜጣ ደግሞ የካቶሊኮች ፕሮፓጋንዲስት ወደ መንፈሳዊ አገሩ ሄደ ብሎ ደስታውን ጻፈ። እሱ ግን የዩኒቨርሲቲ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ብቻ ሊኖር መምጣቱ ነበር። ሦስት የሚያህሉ ዓመታት እንደዚያ ኖረ። እኔ የዚህን ውሳኔ ክብደት የተረዳሁት እርጥብ አጥር ተደግፌ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ጫካው ቅርብ ነው፤ ከወፍ በቀር ምንም አይሰማም። ልጆች የያዘ ሰው ወር በገባ ቁጥር የሚቆጠርለትን ደመወዝ ትቶ እዚህ ሲመጣ በምን ልብ እንደ መጣ አሰብኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12 ቀን። ቤልፋስት

የአየርላንድ መኖሪያ ፈቃዴ ለሰሜኑ አይሠራም። ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ ግዛት በመሆኑ ሌላ ቪዛ ማውጣት ነበረብኝ፤ ጥርስ የሚያስነክስ ጥበቃ ነበር። ባቡሩ ግን ለፍተሻ የትም አልቆመም፣ የጠየቀኝም የለም። ድንበሩን ያወቅሁት ስልኬ አዲስ መረብ ውስጥ መግባቴን ሲነግረኝ ነው። በሂኒ የወጣትነት ዘመን በዚህ መንገድ ላይ ወታደር፣ የፍተሻ ኬላ፣ የአሸዋ ከረጢት ነበር።

ሂኒ በ1957 ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከዘሩ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ ብዙ አልነበረም። የበኩር ልጅ ነው፤ ከሱ በኋላ ስምንት ተወልደዋል። አባቱ ፓትሪክ ከብት ነጋዴና ገበሬ፣ የእናቱ የማርጋሬት ቤተሰብ የበፍታ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። በሩን የከፈተለት በ1947 የወጣው የትምህርት ሕግ ነው፤ ሕጉ ለድኃ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን በነጻ አደረገላቸው። በዚያ ሕግ ደሪ ከተማ ቅዱስ ኮለም አዳሪ ትምህርት ቤት ከገቡት አንዱ ሂኒ ነው፤ የሰላም ኖቤል ተሸላሚው ጆን ሂዩምም እዚያው ተምሯል። ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት የኖቤል ሰዎች።

ዩኒቨርሲቲ ሳለ በተማሪዎች መጽሔት የሚወጡትን ግጥሞቹን የሚፈርመው «ኢንሰርተስ» እያለ ነበር። የላቲን ቃል ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ማለት ነው። ተመርቆ ሲወጣ በምዕራብ ቤልፋስት ባሊመርፊ ሰፈር መምህር ሆነ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደራሲው ማይክል ማክላቨርቲ ነበሩ፤ የካቫናን መጽሐፍ ያዋሱት እሳቸው ናቸው። ርዕሰ መምህር ለጀማሪ አስተማሪ መጽሐፍ ማዋሱ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም ግጥም የጀመርኩት አንድ መምህሬ ከራሳቸው መደርደሪያ አውርደው በሰጡኝ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ባሊመርፊ በአውቶቡስ ሳልፍ ለማክላቨርቲ ነፍስ ይማር አልኩ።

በ1963 ፊሊፕ ሆብስባውም የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ወጣት ገጣሚዎችን ቤቱ እየሰበሰበ ግጥሞቻቸውን ያስተቻቸው ጀመር፤ ሂኒና ማይክል ሎንግሊ ከነዚያ መካከል ናቸው። በ1964 መጨረሻ «ኒው ስቴትስማን» የተባለው የለንደን መጽሔት ሦስት ግጥሞቹን አወጣ፤ ወዲያው ፌበር ማተሚያ ቤት ደብዳቤ ጻፈለት። በ1965 ማሪ ዴቭሊንን አገባ። በ1966 የመጀመሪያው መጽሐፉ ወጣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የካቶሊኩንና የፕሮቴስታንቱን ሰፈር የሚለየውን ግንብ ተከትዬ ሄድኩ። ዛሬም ቆሟል፤ ማታ ማታ የሚዘጉ በሮች አሉት። ባለፈው ሳምንት ግጭቱን ያበቃው የ1998ቱ የሰላም ስምምነት 25ኛ ዓመት ሲከበር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን እዚህ ነበሩ። እሳቸው ከሂኒ አንድ ስንኝ ዘወትር ይጠቅሳሉ፤ ተስፋና ታሪክ አንድ ቤት ስለሚመቱበት ቀን የሚናገረውን። ከጥንታዊው የግሪክ ተውኔት አዛምዶ በ1990 ከጻፈው የወጣ ነው። ስንኙ ያማረ ነው፤ ግን ፖለቲከኞች ሲደጋግሙት ሂኒ ቀለል ያለ ተስፈኛ እንዳይመስል እሰጋለሁ። እሱ ቀላል አልነበረም። በ1983 የብሪታንያ ገጣሚዎች መድበል ውስጥ ስላስገቡት፣ ፓስፖርቴ አረንጓዴ ነው፣ በእኛ ቤት ለንግሥቲቱ ጤንነት ብርጭቆ ተነሥቶ አያውቅም የሚል ግልጽ ደብዳቤ በግጥም ጻፈ። በ2011 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዱብሊንን ሲጎበኙ ግን በዱብሊን ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ ተገኘ። ሁለቱም እውነተኛው ሂኒ ነው፤ በመካከላቸው 28 ዓመትና ብዙ ቀብር አለ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13 ቀን። በላሂ

ወደ ደሪ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሬ ካስልዶሰን አደባባይ ወረድኩ፤ ከዚያ በታክሲ በላሂ። አንድ ዋና መንገድ ያላት ትንሽ መንደር ናት። በ2016 የተከፈተው የሂኒ ማዕከል ያረፈው ቀድሞ የፖሊስ ጦር ሰፈር በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በግጭቱ ዘመን ሽቦና የብረት አጥር በነበረበት ዛሬ ልጆች ግጥም ያነባሉ። ይህን ብቻ ለማየት መምጣት ይበቃ ነበር።

ውስጥ ገብቼ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። በጆሮ ማዳመጫ የሚያነበው እሱ ራሱ ነው፤ ድምፁ ቀስ ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚርመሰመስ። ሁሉን ባወራው ገጽ አይበቃኝም፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። እዚህ አካባቢ፣ ሞዮላ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ አንድ ቀበሌ አለ። ስሙ በአየርላንድኛ የወንዝ ዳርቻ ማለት ነው። ሂኒ በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ ለዚህ ስም አንድ ግጥም ጽፎለታል። የስሙን የመጨረሻ ድምፅ፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን፣ እንግዶች ሊሉት እንደሚቸግራቸው ይነግረናል። የተወላጆቹ አፍ ግን፣ ካቶሊክም ሆነ ፕሮቴስታንት፣ ያንን ድምፅ እኩል ያወጣዋል። በሃይማኖት የተጣላ አገር በአንድ ተነባቢ ይገናኛል።

ማታ ይህን ለማረፊያዬ ባለቤት ነገርኳቸው፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። ስሙን እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። አሉት። በጆሮዬ የሰማሁት «ብሮኽ» ነው። እንግሊዝኛ የመጨረሻውን ድምፅ በሁለት ፊደል አጣምሮም በትክክል አያስይዘውም፤ እኛ ግን «ኽ» አለን፤ አንድ ፊደል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ሰረዝ ያለው። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩላቸው። «በእኔ ፊደል የሰፈራችሁ ስም ይኼውና» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት፤ በጣታቸው ፊደሉን ተከተሉት። «እንዲህ ነው የምንለው፤ አንዲት አልጎደለም» አሉና ወረቀቱን ምድጃው በላይ ካለው ሰዓት ኋላ ሰኩት። ከዚህ በኋላ በዚህ ማስታወሻ ሐይቆቹንም በ«ኽ» እጽፋቸዋለሁ፦ ሎኽ ቤግ፣ ሎኽ ኔይ።

ከዚህ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መቃብሩ ጋ ሄጄ ነበር። ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዛፎች ሥር ነው። ድንጋዩ ላይ ስሙና ዓመታቱ አሉ፤ 1939 እስከ 2013። ከሥሩ ከራሱ ግጥም የተወሰደች አንዲት መስመር፦ ልብህ እያመነታ እንኳ በአየር ላይ ተራመድ የምትል። ወላጆቹና ታናሽ ወንድሙ ክሪስቶፈርም እዚሁ ግቢ ያርፋሉ።

ክሪስቶፈር በየካቲት 1953 መኪና ሲገጨው አራት ዓመቱ ነበር። ሼመስ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ተጠርቶ መጣ። ስለዚያ ቀን የጻፈውን ግጥም የአየርላንድ ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ የመጨረሻው መስመር የሬሳ ሣጥኑን ርዝመት በጫማ ይለካል፣ በዓመት አንድ ጫማ። በዚያ መስመር የሚያለቅስ ቃል አንድም የለም። ለቅሶ ቤት የመጡ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው የአሥራ ሦስት ዓመቱን ልጅ እጁን ሲጨብጡት ያፍራል። ለትልቅ ሰው የሚደረግ ነገር ለልጅ ሲደረግ ያለውን ጭንቅ ለቅሶ ቤት ያደገ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሂኒ ኋላ ሁለተኛ ልጁን ክሪስቶፈር ብሎታል።

እሱ ራሱ ነሐሴ 30 ቀን 2013 ዱብሊን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ከመሞቱ ደቂቃዎች በፊት ለሚስቱ በስልክ የላከላት ሁለት የላቲን ቃላት ነበሩ፤ «ኖሊ ቲመሬ»። ልጁ ማይክል በቀብሩ ቀን ተናገረው፤ ጋዜጦች በእንግሊዝኛ አዞሩት። በእንግሊዝኛ ለማን እንደ ተባለ አይታወቅም፤ ለሁሉም ይሆናል። አማርኛ ግን እንዲህ ለማለት አይፈቅድም፤ «አትፍራ» ወይ «አትፍሪ» ብዬ መምረጥ አለብኝ። ለሚስቱ ነውና «አትፍሪ»። ስሟ ማሪ ነው። «ማርያም ሆይ… አትፍሪ» የሚለው የሉቃስ ወንጌል በጆሮዬ መጣ፤ መቃብሩ ፊት ቆሜ ማተቤን ያዝኩ።

በሞተ በሁለተኛው ቀን ዱብሊን በክሮክ ፓርክ ስታዲየም ለእግር ኳስ የተሰበሰበ ከ80,000 በላይ ሕዝብ ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። ለገጣሚ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 14 ቀን። ሎኽ ቤግ

ጠዋት የማረፊያዬ ባለቤት ወንድም በመኪናቸው ሊያዞሩኝ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል ቢሉም እጃቸው አልወጣም። መጀመሪያ በካስልዶሰንና በቱም መካከል ባለው መንገድ አለፍን። ሂኒ ሚያዝያ 13 ቀን 1939 የተወለደበት ሞስቦን እዚህ ነበር። በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን 1931 ማለት ነው፤ ገጣሚው ዬትስ በሞተበት ዓመት። ሣር ክዳን ያለው ዝቅ ያለ ቤት ነበር፤ ዛሬ የለም። በስቶክሆልም በሰጠው የኖቤል ንግግር የጀመረው ከዚህች ቤት ነው፦ ባቡር ሲያልፍ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ፣ ሕፃኑ ራዲዮ ላይ የማያውቃቸውን የውጭ አገር ቋንቋዎች ሲሰማ። ከባልዲ ውሃ ተነሥቶ ስለ ዓለም ጦርነት ያወራል፤ እኔ ከተነበቡ የኖቤል ንግግሮች ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ሎኽ ቤግ ዳርቻ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ያርሳል፤ ከብቶች በጭጋጉ ውስጥ ቆመው ያመነዥካሉ። ከውሃው ማዶ የቤተ ክርስቲያን ደሴት ጉልላት ሹል ብሎ ይታያል። በበጋ ውሃው ሲጎድል በእግር ይገባል አሉኝ፤ አሁን አይሆንም። ሰዎች ለጸሎት የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም የተቦረቦረ ድንጋይ አለ፣ አጠገቡ ካለው ቁጥቋጦ ላይ ሕመምተኞች ቁራጭ ጨርቅ ያስራሉ። እኔ ጸበል አገር ተወልጃለሁና ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ይህ ዳርቻ ለሂኒ ከባድ ቦታ ነው። በነሐሴ 1975 ዘመዱ ኮለም ማካርትኒ ዱብሊን ኳስ አይቶ ሲመለስ አርማ አውራጃ ውስጥ ወታደር በመሰሉ ሰዎች ኬላ ላይ ተይዞ ተገደለ። ሂኒ በዚህ ዳርቻ ስም ግጥም ጻፈለት፤ በግጥሙ ውስጥ የሞተውን በጤዛ ያጥበዋል፣ ከደንገል ማተብ የመሰለ ነገር ይጎነጉንለታል። በጣም ያምራል። ግን እዚህ አላበቃም። በ1984 ባወጣው ረጅም ግጥም፣ በሎኽ ደርግ ደሴት ጾምና ጸሎት ላይ ሳለ፣ ያው ዘመዱ መንፈስ ሆኖ ይመጣበታል። መጥቶም ይከሰዋል፦ የገደለኝን በቀጥታ እከሰዋለሁ፣ አንተን ግን ግድያዬን በጤዛ አጣፍጠህ ስላቀረብከው እከስሃለሁ ይለዋል። ገጣሚው ከዓመታት በፊት ያሳተመውን፣ የተወደሰለትን ግጥም በሟቹ አፍ ይወቅሳል።

ሂኒን የማከብረው በዚህ ነው። በሕዝቡ ላይ ደም ሲፈስ ቃል አሳምሮ መጻፍ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ለሌላ አልተወውም፤ ዘመዱን ከመቃብር አስነሥቶ አስጠየቀ። እኛም አገር ለሞቱ ወገኖቻችን የምንጽፈው ስንኝ ብዙ ነው፤ እኔም ጽፌያለሁ። እርጥቡ ሣር ላይ ቆሜ የራሴን ስንኞች አንድ ባንድ አስታወስኳቸው፤ ሁለቱን ከእንግዲህ ለሰው አላነብም።

ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ሆነው በትዕግሥት ጠበቁኝ። ስመለስ ስለ ረግረጉ ጠየቅኋቸው። ወደ ቤታቸው ወስደው ከምድጃው ጎን ካለ ቅርጫት አንድ ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እንደ ጡብ የረዘመ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ከሚገመተው በላይ ቀላል። ላዩ ላይ የሣር ሥር እንደ ጸጉር ይታያል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ውሃ ሥር የተጠራቀመ ሣርና ቅጠል ነው፤ አየር ስለማይገባው አይበሰብስም። በዚህ የተነሣ የቀበሩት ቅቤ እንኳ ከመቶ ዓመት በኋላ ይወጣል፤ በዴንማርክ ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ ሰው ፊቱ ሳይጠፋ ወጥቷል፣ ሂኒም ፎቶውን አይቶ ከግጥሞቹ ሁሉ ጠንካራ የምላቸውን ጽፎበታል።

«እንዴት ነው የሚቆፈረው?» አልኳቸው።

«አይቆፈርም፤ ይቆረጣል» አሉኝ ቆጣ ብለው። መጥረጊያውን አንሥተው አሳዩኝ። እግር አካፋው ትከሻ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ሳይሰበር ከፍ ተደርጎ በትከሻ በላይ ይወረወራል። ዳቦ እንደ መቁረስ። የሚጣለው እርጥብ ስለሆነ ከባድ ነው፤ ለክረምት ማገዶ እንዲሆን በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል።

እዚያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። የአያትየው ሥራ «ቆረሰ» ነው። መዳፌ ላይ ያለው «ጓል» ነው፤ የረግረግ ጓል። ኩበት እንዳልለው ከከብት አይደለም፤ ከሰል እንዳልለው ገና አፈር ነው። አባትየው ደግሞ የሚያደርጉት? ያኔ ጎጃም ያለው አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ዛፍ ሲተክል «ጉድጓድ ቆፈርኩ» አይልም፤ «ማስኩ» ነው የሚለው። ማሰ፣ ይምሳል፣ ምሶ። ከዱብሊን ጀምሮ ስፈልገው የነበረው ቃል በቤቴ ያደግኩበት ነው። የግጥሙ መጨረሻ ላይ ብዕሩን ይዞ የሚለውን አራት የእንግሊዝኛ ቃል ያህል ነገር አማርኛ በአንድ ቃል ጨረሰው፦ «እምስበታለሁ»።

ሽማግሌው ጓሉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ማታ ዱብሊን ገባሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15 ቀን። ዱብሊን፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ሰብስቤ ጓሉን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ። አሸተቱት፤ ነካኩት። ተማሪዬ ርዕሱን አይታ «ጋሼ፣ ‹መማስ› ምንድን ነው? እናቴ ‹ቆፈረ› ነው የምትለው» አለችኝ። ስለ አባቴ ነገርኳት። አልተቃወመችም፤ ግን አንድ ያላለቀ ነገር እንዳለ አሳየችኝ። ሂኒ እርጥቡ ጓል ሲቆረጥና ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ጽፎታል፤ እኔ ዘልዬዋለሁ።

«ድምፁን እንዴት እንለዋለን?» ብዬ ለሁሉም ጠየቅሁ። ከኋላ አንዱ «ጧ!» አለ። «ጧ ጥፊ ነው!» አሉት። ሌላዋ «ጨቅ» አለች። ተማሪዬ ብዙ አሰበች፤ ጓሉን በሁለት እጇ አንሥታ ከፍ አደረገችውና ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ደርቋልና ድምፁ እንደ እንጨት ነበር።

«እርጥብ ቢሆን፣» አለች፣ «ዘጭ።»

ጻፈችው።